«ቡድኑን ምሪ» ለተባለች የደሴ መሐንዲስ፦ ምን ታንብብ፣ ከማንስ ትማር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ኮምቦልቻ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሰባት ዓመት ሠርታለች። አሁን ደሴ ውስጥ ለቁጠባና ብድር ማኅበራትና ለመድኃኒት ቤቶች ሶፍትዌር በሚሠራ ዘጠኝ ሰው ባለው ድርጅት ውስጥ ናት። ባለቤቱ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አምስቱን ልጆች አንቺ ትመሪያለሽ፤ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያሽንም እሸፍናለሁ» ብሏታል። እርሷም ትጠይቃለች፦ ገንዘቡን ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ላውለው? የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ? መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ርቄ ይህንን ሙያ መማር እችላለሁ? ኮድ መጻፍ ከተውኩስ የያዝኩት ሙያ አይጠፋብኝም?

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቻለሁ፤ ግማሹን ያሳለፍኩት ሰው እየመራሁ ነው። ያደግኩት ደሴ ነውና የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የላፕቶፕሽ ባትሪ እያለቀ ስትሠሪ ይታየኛል። እንደ ታላቅ ወንድም ልመልስልሽ።

ፓይተንን የመሰለ የፕሮግራም ቋንቋ ስትማሪ ምሳሌውን ትጽፊያለሽ፤ ኮምፒውተሩም ወዲያው ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል ይልሻል። ሰው ስትመሪ እንዲህ የሚልሽ የለም። ዛሬ የወሰንሽው ነገር ልክ መሆኑን የምታውቂው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለምን እንደወሰንሽው ረስተሽዋል። ብዙ ሰው አሥር ዓመት መርቶ የአንድ ዓመት ያህል እንኳ የማይማረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የምመክርሽን ሁሉ የምመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፦ ሰዎች ምን እንደወሰኑ፣ ለምን እንደወሰኑ፣ በኋላም ምን እንደደረሰባቸው ያሳየኛል ወይ? የሚያሳይ ከሆነ መጽሐፍም ይሁን ሰው አስተማሪሽ ነው። የማያሳይ ከሆነ ምስክር ወረቀቱ የፈለገውን ያህል ቢያምር ጊዜሽን አትስጪው።

በዚህ ሚዛን ማስተርሱን አሁን አትጀምሪ እላለሁ። ትምህርቱን ንቄው አይደለም፤ አንድ ቀን ሃምሳ ሰው ስትመሪ ይጠቅምሽ ይሆናል። የሚቀጥለው ወር ፈተናሽ ግን የገበያ ስልት አይደለም። «ጨርሻለሁ» ብሎ ያልጨረሰ ልጅ ነው፤ ሐሙስ ቃል የተገባለትና እስከ ሰኞ ያልደረሰለት ደንበኛ ነው። የማታና የቅዳሜ ትምህርት የሚወስድብሽ ደግሞ አዲሱ ቡድንሽ አጥብቆ የሚፈልግሽን ያንኑ ጊዜ ነው። ከማስተርሱ ውስጥ አሁን የሚያስፈልግሽ የሒሳቡ ክፍል ነው፤ እርሱን ደግሞ የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጠሽ ታገኚዋለሽ። የአምስቱ ልጆች ደመወዝ በወር ስንት እንደሆነ፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃ፣ የትኛው ደንበኛ ዘግይቶ እንደሚከፍል ጠይቂው። ከባለቤቱ ጋር ስለ ቅጥርም ሆነ ስለ ማስረከቢያ ቀን ስትነጋገሪ ንግግርሽ መሬት የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። የፕሮጀክት ሥራ አመራር ምስክር ወረቀት ነገር ሌላ ነው፤ ጨረታ ላይ ሲጠየቅ ለድርጅቱ ይጠቅማል፤ ካስፈለገ ውሰጂው፤ መሪነት ተማርኩ ብለሽ ግን አትቁጠሪው። ባለቤቱ የያዘልሽን ገንዘብ ለመጻሕፍት፣ ለተሻለ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ ለሚያሠራ ባትሪ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም አዲስ አበባ ሄደሽ ከእኩዮችሽ ጋር ለምትውይበት ጉዞ እንዲያደርገው ጠይቂው።

ከመጻሕፍቱ በፊት የተሰጠሽ ሥራ የትኛው እንደሆነ ይለይ። በአገራችን «ኃላፊ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንዱ ሰው ማስተዳደር ነው፦ ቅጥር፣ ፈቃድ፣ ምዘና፣ ቅሬታ። ሌላው ሰው ሳያስተዳድሩ በቴክኒክ መምራት ነው፦ የሲስተሙን አወቃቀር መወሰን፣ ማንም ያልደፈረውን ችግር ፈልቅቆ ማውጣት፣ ታናናሾችን ማብቃት። በትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ሁለቱ መንገዶች ተለያይተው ይሄዳሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም እንደ ውርደት አይቆጠርም። ዘጠኝ ሰው ባለው ድርጅት ግን ሁለቱም አንቺው ላይ ያርፋሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰዓትሽን መዝግቢና የትኛው እንደሚያመዝን እይ፤ የንባብሽ ቅደም ተከተል ከዚያ ይወጣል።

የሰው ማስተዳደሩ ካመዘነ በካሚል ፎርኒየር «ዘ ማኔጀርስ ፓዝ» ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ጸሐፊዋ ራሷ ከፕሮግራም ጸሐፊነት ተነስታ የአንድ ኩባንያ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰች ናት። መጽሐፉ እንደ መሰላል የተሠራ ነው፤ አንድን ጀማሪ ከማገዝ ተነስቶ፣ ቡድን ወደ መምራት፣ ከዚያም መሪዎችን ወደ መምራት ይወጣል። አንድ ጊዜ ሁሉንም አትዋጪው። አሁን የቆምሽበትን ደረጃና ከእርሱ በላይ ያለውን አንዱን ብቻ አንብቢና ዝጊው፤ የቀረው ሲደርስ ይደርሳል።

የቴክኒክ መሪነቱ ካመዘነ ታኒያ ራይሊ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣችው «ዘ ስታፍ ኢንጂነርስ ፓዝ» አለልሽ። የዚህችን ሴት ሌላም ሥራ ፈልጊ፤ ስለ «ሙጫ ሥራ» ያደረገችውን ንግግር ማለቴ ነው። ሙጫ ሥራ የምትለው አዲስ ሰው መቀበልን፣ የተቆጣ ደንበኛ ማረጋጋትን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ ሁለት የተኳረፉ ባልደረቦችን ማስማማትን ነው። ፕሮጀክቱን አጣብቆ የሚይዘው ይህ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ኮድ ስላልሆነ ማንም አይቆጥረውም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚወድቀው ሴቶች ላይ ነው። እዚህ እኛው ዘንድ ስንት ስብሰባ ላይ «አንቺ ጻፊልን» ሲባል ሰምቻለሁ! በክፍሉ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ልምድ ያላት ሴት ቃለ ጉባኤ እየጻፈች፣ ከእርሷ አራት ዓመት በኋላ የተመረቀው ወንድ ስለ ዳታቤዙ ይወስናል። አንቺ መሪ ስትሆኚ ቃለ ጉባኤውን በየተራ አስይዢ፤ ሙጫ የሚሠራውን ሰው ስም በምዘናው ወረቀት ላይ በግልጽ ጻፊለት። ይህንን የምልሽ ጉዳዩ ስለሚያሳዝነኝ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሙያውን የተዉ ጎበዝ መሐንዲሶችን አውቃለሁ።

ከቀደሙት መጻሕፍት ሁለቱን አትለፊያቸው። የመጀመሪያው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» ነው። ብሩክስ አይቢኤም ለሲስተም 360 ኮምፒውተሮቹ ያሠራውን ትልቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመራ ሰው ነው፤ ሥራው ዘግይቶበት ከዚያ መዘግየት የተማረውን ጻፈ። ዋናው ቃሉ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር የበለጠ ያዘገየዋል የሚል ነው። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። አንቺና አምስቱ ልጆች ስድስት ናችሁ፤ እርስ በርስ ለመነጋገር 15 መስመር አላችሁ። «ሥራው ይፍጠን» ተብሎ ሦስት ሰው ቢጨመር ዘጠኝ ትሆናላችሁ፤ መስመሩ ግን 36 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት ደግሞ ሥራውን የሚያውቁት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ አንድ ቀን «ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ልጅ ላምጣልሽ» ማለቱ አይቀርምና ይህንን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርተሽ አሳዪው።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን ለረጅም ጊዜ የመራው አንዲ ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው «ሃይ አውትፑት ማኔጅመንት» ነው። ግሮቭ የመሪን ሥራ የሚለካው መሪው በግሉ በሠራው አይደለም፤ ክፍሉና ተጽዕኖ የሚያደርግባቸው ጎረቤት ክፍሎች ባመረቱት ነው። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ልማድ ብቻ ብትወስጂ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ የሚደረገውን ውይይት ውሰጂ። ግሮቭ ይህ ሰዓት የታናሹ ነው ይላል፤ ርዕሱን የሚያመጣው እርሱ ነው፤ ከአንድ ሰዓትም ማነስ የለበትም። አንድ ሰዓት ለምን? ይህንን ወሎዬ ሲነገረው ወዲያው ይገባዋል። ቡና ላይ ስንቀመጥ በአቦል ሰላምታና የቤተሰብ ደኅንነት ነው የሚወራው። በቶና የገበያና የአገር ወሬ ይመጣል። የመጣንበት ጉዳይ የሚነሳው በረካ ላይ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ከሰጠሽው ልጁ አቦሉን ጠጥቶ ይሄዳል፤ «ሥራ ልለቅ አስቤያለሁ» የሚለውን ቃል ሳትሰሚ ትቀሪያለሽ።

እዚህ ላይ የእነዚህን መጻሕፍት ጉድለትም ልናገር። የተጻፉት ሰው ለአለቃው ፊት ለፊት «አልስማማም» ማለት በሚችልበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ልጆቹ «እህታችን» ብለው ያከብሩሻል፤ አክብሮቱ ውብ ነው፤ ግን «በአሥር ቀን ያልቃል?» ስትዪ «እሺ» ይሉሻል። ያ «እሺ» ሰምቻለሁ፣ አከብርሻለሁ ማለት ነው፤ ያልቃል ማለት አይደለም። እኔ መሪ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ይህንን ባለመለየቴ ሦስት የማስረከቢያ ቀን አልፎብኛል፤ ልጆቹን ዋሾ አድርጌ ቆጠርኳቸው፤ ጥፋቱ ግን የጠያቂው ነበር። አሁን «ያልቃል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «የሚያዘገየን ነገር ቢመጣ ከየት ነው የሚመጣው?» እላለሁ። ሐሳብ ሲሰበሰብም ታናሹ ቀድሞ እንዲናገር አደርጋለሁ፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ የተለየ ሐሳብ የሚያወጣ ልጅ አላየሁም። አማዞን ስብሰባዎቹን በጽሑፍ ይጀምራል፤ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ማስታወሻ ይቀርባል፤ ሁሉም በዝምታ ካነበቡ በኋላ ነው ውይይቱ የሚከፈተው። ይህ ልማድ ለእኛ ለይሉኝተኞች የበለጠ የሚስማማ ይመስለኛል፤ በወረቀት ዳር ላይ «ይህ አይሆንም» ብሎ መጻፍ በአፍ ከመናገር ይቀላልና።

አሁን ከመጽሐፍ ሁሉ አብልጬ ወደምወደው ልምጣ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኩባንያዎች በገዛ እጃቸው ጽፈው የሚያወጡት የውድቀት ዘገባ ነው። ውሳኔው፣ ምክንያቱና ውጤቱ በአንድ ላይ የሚገኙበት ሌላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አላውቅም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ውሰጂ። የዳታቤዙ ቅጂ ከዋናው ወደ ኋላ ቀረ። አንድ መሐንዲስ ማታ አምሽቶ ሊያስተካክል ሲታገል፣ ከቅጂው ሰርቨር ላይ ሊያጠፋ ያሰበውን ፋይል ከዋናው ሰርቨር ላይ ማጥፋት ጀመረ። ስህተቱን በሰከንዶች ውስጥ አይቶ አቆመው፤ ግን ከ300 ጊጋባይት ያህሉ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ሲሄዱ ደግሞ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ አልነበረም። የሚቀዳው ፕሮግራም ስሪቱ ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም በየቀኑ ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚያስታውቀው ኢሜይልም ለማንም አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ለዘለዓለም ጠፋ። ኩባንያው ሲስተሙን ሲመልስ በቀጥታ ለሕዝብ አሳየ፤ በኋላም ሁሉንም በዝርዝር ጽፎ አወጣው።

ይህንን ዘገባ እንደ ወሬ አትጨርሺው። ከአምስቱ ልጆች ጋር ሆናችሁ «መሐንዲሱ ማታ ሥራ ጀመረ» እስከሚለው ድረስ ብቻ አንብቡና አቁሙ። እያንዳንዱ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» የሚለውን በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ቀጥሉ። ሲያልቅ ማን አጠፋ የሚለውን ትታችሁ «እኛ ዘንድ ይህ እንዳይደርስ የሚከለክለው ምንድን ነው?» በሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የአንድ ማኅበር መጠባበቂያ ቅጂ አምጥታችሁ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሱት፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀም መዝግቡ። ተመልሶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ አንድ ደንበኛችን ሰርቨሩንና መጠባበቂያ ዲስኩን አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነበር፤ ሁለቱም አብረው ሄዱ። የአባላቱን ቁጠባ ከእጅ ደብተሮች እየለቀሙ መልሶ መጻፍ ወራት ፈጀ። ሌላ ቦታ ይቀመጥ ብሎ መወሰን የእኔ ፋንታ ነበር፤ ደንበኛው እንዳይሰለች ብዬ ዝም ብዬ ነበር።

ከዚህ የሚቀጥለውን ናይት ካፒታልን አንብቡ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ይህ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ከስምንቱ ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ጭኖ አንዱን ረሳ፤ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ለንድፈ ሐሳቡ ደግሞ የጎግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡትና በድረ ገጽ በነጻ የሚነበበው «ሳይት ሪላያቢሊቲ ኢንጂነሪንግ» አለ። ሰውን ሳይወቅሱ ውድቀትን ስለ መመርመር የሚናገረውን ምዕራፍ አስቀድሙ። ጊትላብም አብዛኛውን የአሠራር መመሪያውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያስቀመጠ ኩባንያ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚቀጥር፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ሳይቀር ታገኚበታለሽ። ኢንተርኔቱ ደህና ሲሆን ገጾቹን ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ለንባብ የሚመች ይህ ነው።

የሌሎችን ውሳኔ ካነበብሽ በኋላ የራስሽን መጻፍ ይመጣል። ማይክል ናይጋርድ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው አጭር ቅርጽ አለ። እያንዳንዱ የአወቃቀር ውሳኔ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ወረቀት ይጻፋል፦ ርዕሱ፣ ገና ሐሳብ መሆኑ ወይም የጸደቀ መሆኑ፣ ያለንበት ሁኔታ፣ ውሳኔው፣ የሚያስከትለው። እኔ አንድ እጨምርበታለሁ፦ ምን ቢለወጥ ይህንን ውሳኔ እንደገና እናየዋለን? በአማርኛ ጻፉት። ኮዱ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የምናስብበትን ምክንያት ግን በምናስብበት ቋንቋ ስንጽፈው ቀዳዳው ቶሎ ይታያል፤ ባለቤቱም የሒሳብ ሠራተኛውም ማንበብ ይችላሉ።

ይህንን የምለው በጣም ውድ በሆነ መንገድ ስለተማርኩት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ስንሠራ «ማንኛውም ፋይናንስ ብድር ነው፤ ብድር ሁሉ የወለድ መጠን አለው» ብዬ ዳታቤዙን ቀየስኩት። ቃሉን የትም አልጻፍኩትም፤ ግልጽ መስሎኝ ነበር። በኋላ ማኅበሩ ወለድ አልባ አገልግሎት እንጀምራለን ሲል «ቀላል ነው፣ ወለዱን ዜሮ አድርጉት» አልኩ። የማኅበሩ አማካሪ የሆኑ አንድ አዛውንት ሼኽ ማሳያውን በትዕግሥት አይተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ይህ ብድር አይደለም፤ ሽያጭ ነው» አሉኝ። ሙራባሃን ከሥር ከመሠረቱ አስረዱኝ። ማኅበሩ አባሉ የሚፈልገውን ዕቃ፣ በሬም ይሁን የልብስ ስፌት መኪና፣ መጀመሪያ ራሱ ይገዛል። ዕቃው የማኅበሩ ንብረት የሆነበት ቅጽበት መታወቅ አለበት። ከዚያ በታወቀ ትርፍ ለአባሉ ይሸጥለታል፤ አባሉም በየጊዜው ይከፍላል። ዋጋው አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ቢዘገይ አይጨምርም። በእኔ ሲስተም ውስጥ ሻጭ የለም፣ ግዢ የለም፣ የባለቤትነት ቀን የለም። ሦስት ሰው ለአራት ወር አፍርሶ ሠራው። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ገና ሲጀመር በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ሼኹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያርሙት ነበር።

«ከአዲስ አበባ ርቄ ከማን እማራለሁ?» ላልሽው መልሴም እዚሁ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ወለድ አልባ ፋይናንስን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ከደሴ የተሻለ ቦታ የለም። ኮምቦልቻ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትወርጂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። የፋብሪካ ጥገና ኃላፊዎች ማሽን በሌሊት ሲቆም ማን እንደሚጠራ፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ እንዴት እንደሚተላለፍ ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። አንድ የፈረቃ መረካከቢያ መዝገብ እንዲያሳዩሽ ለምኚ። እኔ ለሲስተም ጥበቃ ተረኞቻችን የምጠቀምበት ቅጽ ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ የወሰድኩት ነው፦ ምን ቆመ፣ ምን ተነካ፣ ምን ሳይነካ ቀረ፣ ማን ይከታተል። የተማርሽባቸው መምህራንም ቅርብሽ ናቸው፤ በወር አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰባት ሰው ተሰብስቦ አንድ የውድቀት ዘገባ ቢያነብ ከብዙ ኮርስ ይበልጣል።

ስለ ሙያሽ መጥፋት። ኮድ አትተዪ፤ የምትጽፊውን ምረጪ። የማስረከቢያው ቀን የተንጠለጠለበትን ሥራ አትያዢ፤ ስብሰባ በጠራሽ ቁጥር ቡድኑ ይቆማል። የሙከራ ኮድ፣ ትንንሽ መሣሪያ፣ ማንም የማይወደውን አሮጌ ስህተት ያዢ። ከዚህ በላይ ግን እውቀትሽን የሚጠብቀው የሌሎችን ኮድ መገምገም ነው። ዋድላ የቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ሲበስል አስነጋሪ ሆኖ ለታናናሾቹ ያስነግራል፤ እዚሁ ወሎ በዳና በነበረው የእስልምና ትምህርትም ነባሩ ደረሳ አዲሱን ያስቀራል። ማስተማሩ ራሱ የትምህርቱ አንድ ደረጃ ነው። የኮድ ግምገማ ስትሠሪም «ይህንን ቀይር» ብለሽ አትለፊ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። የአንዱን ኮድ ሌላው ታናሽ እንዲገመግም አድርጊ፤ ግምገማውን ደግሞ አንቺ ተመልከቺው። ማን ለመሪነት እንደሚበስል በመጀመሪያ የሚታይሽ እዚያ ነው።

ለጊዜሽ በሳምንት አራት ሰዓት ይበቃል፤ ሁለቱ ለንባብ፣ ሁለቱ ለመጻፍ። አንድ መጽሐፍ ሳታጠናቅቂ ሌላ አትክፈቺ፤ ምዕራፉን ደግሞ በዚያ ሳምንት ከሚጠብቅሽ አንድ ውሳኔ ጋር አያይዘሽ አንብቢው። ሰው ልትቀጥሪ ከሆነ ስለ ቅጥር፤ ቀን ሊያልፍ ከሆነ ብሩክስን።

«እሺ» ከማለትሽ በፊት ከባለቤቱ ጋር ሦስት ነገር በጽሑፍ ተስማሚ። አሁን የምትሠሪውን ኮድ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማን ይረከባል? ቅጥርና ስንብት ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ስድስት ወር ሲሞላ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ስታዩት ሥራው ካልተስማማሽ በዚያው ደመወዝ ወደ ቴክኒክ ሥራሽ ትመለሻለሽ ወይ? ሦስተኛው ላይ ቢያቅማማ ምክንያቱን ጠይቂው፤ መልሱንም ጻፊው። የውሳኔ መዝገብሽ የመጀመሪያ ገጽ እርሱ ይሁን።